ኪክ እና ቤዝ፡ ጀማሪ አቀናባሪዎች የሚያስጨፍር የቤዝ መስመር እንዴት ይሠራሉ?

አንድ ወጣት አቀናባሪ ሌሊቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ ሲሠራ ያደረውን የዳንስ ሙዚቃ በማግስቱ ለጓደኞቹ ያሰማል። በእጅ ስልክ ሲከፈት ቤዙ የለም፤ ዜማው ብቻውን ቀጥኖ ይሰማል። ያው ሥራ በሠርግ አዳራሽ ወይም በምሽት ክበብ ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች ሲለቀቅ ደግሞ ቤዙ ሁሉንም ይውጣል፤ ምቱም ዜማውም በአንድ ድፍን ጉርምርምታ ውስጥ ይሰጥማሉ።

በአዲስ አበባም ይሁን በናይሮቢ፣ በካምፓላም ይሁን በዳሬሰላም፣ በአንድ ላፕቶፕ ሙዚቃ ማቀናበር ለጀመረ ሰው ይህ ገጠመኝ እንግዳ አይደለም። ብዙዎችም ምክንያቱን በመሣሪያቸው ርካሽነት ወይም በተሰጥዖአቸው ማነስ ላይ ይጥሉታል፤ አንዳንዶች ሥራውን እስከ መተው ይደርሳሉ።

ችግሩ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ቤዝ ከሌሎች የሙዚቃ ድምፆች በተለየ ሕግ የሚገዛ ድምፅ ነው። ብቻውን ተሠርቶ ብቻውን ሊመዘን አይችልም፤ የሚለካው ከምቱ ጋር ባለው ዝምድናና በሚተወው ክፍት ቦታ ነው። ይህን ሕግ የተረዳ ጀማሪ በሦስት ኖታና በነፃ በሚገኝ ሶፍትዌር ሰውን ከመቀመጫው የሚያስነሳ ሥራ መሥራት ይችላል።

ለመሆኑ ቤዝ ምንድን ነው?

ድምፅ የአየር ንዝረት ነው። በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር የሚለካው በሄርዝ ሲሆን፣ የሰው ጆሮ በጥቅሉ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ያለውን ይሰማል። በሙዚቃ ሥራ ቤዝ የሚባለው በአብዛኛው ከ250 ሄርዝ በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ነው። ከዚህም ውስጥ ከ60 ሄርዝ በታች ያለው ክፍል ‘ሰብ ቤዝ’ ይባላል፤ በጆሮ ከሚሰማው ይልቅ በደረትና በእግር ሥር የሚታወቅ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የተለመደው ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41 ሄርዝ ገደማ ነው።

የቤዝ መስመር ማለት ደግሞ በዚህ ወፍራም ክልል ውስጥ እየተደጋገመ የሚሄድ አጭር የኖታዎች ሐረግ ነው። ኪክ የሚባለው ትልቁ የድራም ምት፣ ልክ እንደ ከበሮ ሰፊ ወገን፣ እግር መቼ መሬት መርገጥ እንዳለበት ይናገራል። ቤዙ በሁለት እርምጃዎች መካከል ሰውነት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ይወስናል። በተጨማሪም ዜማው የሚቆምበትን መሠረት ያስቀምጣል፤ ምትና ዜማን የሚያገናኝ ድልድይ ነው ማለት ይቻላል።

ቤዝን አስቸጋሪ የሚያደርጉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው የሞገዱ ርዝመት ነው። 50 ሄርዝ የሆነ ድምፅ ሞገዱ በአየር ውስጥ ሰባት ሜትር ገደማ ይረዝማል። ከዚህ በሚያንስ የመኝታ ክፍል ውስጥ ሞገዱ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመለሰ ራሱን ይገናኛል፤ ስለዚህም ክፍሉ ጥግ ላይ ቤዙ ገዝፎ ሲሰማ፣ ሁለት እርምጃ ራቅ ሲባል ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው፣ የስልክና የላፕቶፕ ትንንሽ ድምፅ ማጉያዎች ይህን ያህል ወፍራም ድምፅ ለማውጣት የሚበቃ አየር ማንቀሳቀስ አለመቻላቸው ነው። ሦስተኛው የጆሯችን ተፈጥሮ ነው፤ ድምፁ ሲቀነስ ከሁሉም አስቀድሞ የሚደክምብን ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ፣ ጀማሪው በትክክል በማይሰማው ነገር ላይ ፍርድ እየሰጠ ነው ማለት ነው።

ጥቂት ኖታ፣ ረጅም ታሪክ

የኤሌክትሮኒክ ዳንስ ሙዚቃ ታሪክ በትንሽ ነገር ትልቅ ውጤት ያመጡ የቤዝ መስመሮች ታሪክ ነው። በአውሮፓውያኑ 1977 ጆርጆ ሞሮደር እና ፒት ቤሎት በጀርመኗ ሙኒክ ከድምፃዊቷ ዶና ሰመር ጋር የሠሩት ‘አይ ፊል ላቭ’ ለዚህ አብነት ነው። ቤዙ የተሠራው ሙግ በተባለው ሲንተሳይዘር ሲሆን፣ እያንዳንዱ ኖታ በ‘ዲሌይ’ ማለትም ድምፁን ጥቂት አዘግይቶ በሚመልስ መሣሪያ ተደግሟል። አጭሯ ሐረግ በዚህ መንገድ እጥፍ ፍጥነት ያላት ጋላቢ ቤዝ ሆነች።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ ‘ቲቢ-303’ የተሰኘ ትንሽ ማሽን ገበያ ላይ አዋለ። ዓላማው ብቻውን ለሚለማመድ ጊታሪስት የቤዝ ጊታር ተጫዋችን እንዲተካ ነበር። ድምፁ ቤዝ ጊታርን ስላልመሰለ ገዢ አጥቶ ምርቱ በ1984 ቆመ። ያገለገሉት ማሽኖች በርካሽ መሸጥ ሲጀምሩ ግን የቺካጎ ወጣቶች እጅ ገቡ።

ፊውቸር የተባለው የቺካጎ ቡድን ማሽኑ ያንኑ ሐረግ እየደጋገመ ሳለ አዝራሮቹን እያጠማዘዘ ድምፁን አቀለጠው፤ አጮኸው። በ1987 የወጣው ‘አሲድ ትራክስ’ የተሰኘው ሥራቸው አሲድ ሃውስ ለሚባለው ስልት መነሻ ሆነ። ለጀማሪ የሚተርፈው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የቤዝ መስመር አድማጭን የሚይዘው በኖታ ብዛት ሳይሆን በድምፁ ሕይወት ነው።

በእኛው አህጉርም ቤዝ የየስልቱ መታወቂያ ሆኗል። ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው አማፒያኖ የሚታወቀው ‘ሎግ ድራም’ በሚባለው፣ ከበሮም ቤዝም በሆነ እንጨት መሰል ድምፅ ነው። ፍጥነቱ በደቂቃ 110 ምት ገደማ በመሆኑ ለእያንዳንዱ ኖታ የሚዘረጋበት ጊዜ አለው። የዳሬሰላሙ ሲንጌሊ በአንጻሩ ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ይሮጣል። በዚያ ፍጥነት በሁለት ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ከ0.3 ሰከንድ ያነሰ ስለሆነ፣ የሚጎተት ቤዝ ምቱን ያፍነዋል፤ ኖታዎቹ አጫጭር መሆን ይኖርባቸዋል።

ኢትዮጵያውያንም በዚህ ታሪክ ውስጥ አሉበት። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በስደት በሚኖርባት አሜሪካ አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከከበሮ ማሽን ጋር አዋሕዶ ብቻውን አልበም ሠርቷል። ባለፉት አሥርተ ዓመታት ደግሞ ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚታወቀው እንደገና ሙሉ እና ሚካኤል ሰይፉ የአገር ቤት ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ቤዝና ምት ጋር ያገናኙ ሥራዎችን ለዓለም አሰምተዋል።

ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

ለመጀመሪያው የቤዝ መስመር ውድ ስቱዲዮ አያስፈልግም። ኤፍኤል ስቱዲዮ እና ኤብልተን ላይቭ በስፋት የሚታወቁ የማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች ናቸው። ገንዘብ ለሌለው ኤልኤምኤምኤስ የተባለው ሶፍትዌር ያለ ክፍያ ይገኛል። ባንድላብ በስልክም ይሠራል፤ የአፕል መሣሪያ ያለው ደግሞ ጋራዥባንድን ያለ ተጨማሪ ወጪ ያገኛል። ሰርጅ ኤክስቲ የተባለው ሲንተሳይዘር በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ ቫይታል የተባለውም ነፃ እትም አለው። ሁለቱም ለቤዝ ከበቂ በላይ ናቸው። ከየትም የተገለበጠ የተሰረቀ ሶፍትዌር ግን ከቫይረስ ጋር ሊመጣና የወራት ልፋትን ሊያጠፋ ይችላል።

ለማዳመጥ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ባለ ገመድ ማዳመጫ ይመረጣል። ምክንያቱም ያለ ገመድ በብሉቱዝ የሚሠሩት ድምፁን ጥቂት ስለሚያዘገዩ፣ በኪቦርድ የሚጫወት ሰው ምቱን እንዲስት ያደርጉታል። በተረፈ መካከለኛ ዋጋ ያለው ማዳመጫ፣ ባሕርዩን ጠንቅቆ ለሚያውቀው ሰው፣ ከማያውቀው ውድ ማዳመጫ ይሻላል።

አንድ፡ ከኪኩ ይጀምሩ

ጀማሪዎች በብዛት የሚሠሩት ስህተት ቤዙን ለብቻው አሳምረው ከሠሩ በኋላ ኪኩን መደረብ ነው። የተሻለው መንገድ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ኪኩን ያስቀምጡ፤ ከዚያም ቤዙ ክፍት የቀረውን ቦታ ይፈልግ።

የሶፍትዌሩን ፍጥነት በደቂቃ 120 ምት ላይ ያድርጉት። አንዱ ባር፣ ማለትም አራት ምት የያዘው አንድ ዙር፣ በ16 ሕዋሳት ተከፍሎ ይታያል። ኪኩን በ1ኛው፣ በ5ኛው፣ በ9ኛው እና በ13ኛው ሕዋስ ላይ ያስቀምጡ። የሃውስ ሙዚቃ መሠረት የሆነው፣ ሳይቋረጥ እኩል የሚረግጠው ምት ይኸው ነው።

አሁን ቤዙን በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ11ኛው እና በ15ኛው ሕዋስ ላይ፣ ሁሉንም በአንድ ኖታ ያስቀምጡ። “አንድ–እና–ሁለት–እና” ብለው ሲቆጥሩ ኪኩ በቁጥሩ ላይ፣ ቤዙ በ“እና” ላይ ይወድቃል ማለት ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው ይነሣል፤ ፈጽሞ አይጋጩም። አራት ጊዜ የተደጋገመ አንድ ኖታ ብቻ ቢሆንም ጭንቅላትን ያወዛውዛል።

ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። በ15ኛው ሕዋስ ላይ ያለውን ኖታ ወደ 14ኛው ያምጡት። ሐረጉ ወደ ፊት እንደተገፋ ይሰማዎታል። ከዚያ በ7ኛው ላይ ያለውን ያጥፉት። የተፈጠረው ዝምታ ቀጣዩን ኖታ ያከብደዋል። የኖታውንም ርዝመት ይሞክሩ፤ በዚህ ፍጥነት አንድ ሕዋስ 0.125 ሰከንድ ነው። አንድ ሕዋስ ብቻ የሚሞላ ቤዝ ይዘላል፤ ሁለት ሕዋስ የሚሞላው ይንከባለላል። ኖታው አልተለወጠም፤ ጭፈራው ግን ተለውጧል።

የኢትዮጵያን ችክችካ መሞከር የሚፈልግ ደግሞ ሕዋሳቱን 12 ያድርጋቸው። ኪኩን በ1፣ በ4፣ በ7 እና በ10 ላይ፣ ቤዙን በ3፣ በ6፣ በ9 እና በ12 ላይ ያስቀምጥ። ቤዙ ከኪኩ አንድ እርምጃ ቀድሞ እየወደቀ ወደ እሱ ይገፋዋል። ከዚህ ተነሥቶ ኖታዎችን በመቀነስና በማዛወር የራስን ስልት መፈለግ ይቻላል።

ሁለት፡ ኖታን በቅኝቱ መምረጥ

ምቱ ከተገኘ በኋላ የኖታ ምርጫ ይከተላል። ሦስት ኖታዎች አስተማማኝ መነሻ ናቸው፤ የቅኝቱ መነሻ ኖታ፣ ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ፣ እና ከመነሻው አምስተኛው ኖታ። መነሻው ሶል ከሆነ አምስተኛው ሬ ነው።

ኢትዮጵያዊ ቅኝት ይዞ የሚሠራ አቀናባሪ እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማወቅ አለበት። ትዝታ፣ ባቲ እና አምባሰል አምስተኛውን ኖታ በውስጣቸው ይይዛሉ። በሶል የተነሣ ትዝታ ሜጀር ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ ነው። በላ የተነሣ ባቲ ማይነር ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል ሲሆን፣ በሚ የተነሣ አምባሰል ደግሞ ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ነው። ሦስቱም በኪቦርዱ ነጭ ቁልፎች ብቻ ሊጫወቱ ይችላሉ፤ ከመነሻ ወደ አምስተኛ የሚመላለሰው የተለመደው የቤዝ አካሄድም ይስማማቸዋል።

አንቺ ሆዬ ግን ይህ አምስተኛ የለውም፤ በቦታው ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ኖታ አለ። ከሌላ ዘፈን የተወሰደ የመነሻና አምስተኛ ቤዝ ከሥሩ ቢገባበት ቅኝቱን ያደፈርሰዋል። በእንዲህ ያለው ጊዜ በመነሻው ኖታና በኦክታቩ ላይ ብቻ መቆየት፣ እንቅስቃሴውንም በምቱ መፍጠር ይመረጣል። በተጨማሪም ክራርና ማሲንቆ በጆሮ ስለሚቃኙ ከኪቦርዱ ቁልፍ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ሊሉ ይችላሉ። የተቀዳ የባህል መሣሪያ ካለ መቃኘት ያለበት ቤዙ ነው፤ አብዛኞቹ ሲንተሳይዘሮች ለዚህ የሚሆን ማስተካከያ አላቸው።

የመነሻ ኖታው ከፍታም ዋጋ አለው። ከታችኛው ሚ እስከ ላ ያሉት ኖታዎች ከ41 እስከ 55 ሄርዝ ላይ ያርፋሉ፤ ለትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ምቹ ቦታ ነው። ታችኛው ዶ ግን 33 ሄርዝ ገደማ ይወርዳል፤ ብዙ ማጉያዎች አያወጡትም። በኦክታቭ ከፍ ሲል ደግሞ 65 ይሆናል፤ ይሰማል፣ ጥልቀቱ ግን ይቀንሳል። ዘፈኑ በዶ የተነሣ ሆኖ ቤዙ የከዳው ሰው፣ ድምፃዊውን ካላስቸገረው፣ ዘፈኑን ወደ ሶል ወይም ወደ ላ ማዛወር ይችላል።

ሐረጉን ለማስረዘም ቀላሉ ዘዴ ሦስት ባር አንድ ዓይነት አድርጎ አራተኛውን በጥቂቱ መለወጥ ነው። አድማጭ የለመደውን እየጠበቀ ሳለ የምትመጣው ያች ትንሽ ለውጥ ዙሩን ታድሳለች።

ሦስት፡ ድምፁን መቅረጽ

ሲንተሳይዘር ሲከፈት በመጀመሪያ የሚገኘው የሞገድ ምርጫ ነው። ‘ሳይን’ ለስላሳው ሞገድ ሲሆን መሠረታዊውን ድምፅ ብቻ ይይዛል፤ ለሰብ ቤዝ ተስማሚ ነው። ‘ስኩዌር’ ጎድጓዳ ድምፅ አለው። ‘ሶው’፣ የመጋዝ ጥርስ ቅርጽ ያለው፣ ብሩህና ሻካራ ነው። ጀማሪ ከሳይን ቢነሣ ከሥሩ ከስኩዌር ወይም ከሶው ጥቂት እየጨመረ ልዩነቱን ማዳመጥ ይችላል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፊልተር ነው። ‘ሎው ፓስ’ የሚባለው ፊልተር ዝቅተኛውን ድምፅ አሳልፎ ከፍተኛውን ይቆርጣል። ፊልተሩን በዝግታ መክፈትና መዝጋት የቺካጎ ወጣቶች ከማሽናቸው ያወጡትን ሕይወት ይሰጣል። አንድ ባይት ኖታ ሳይለወጥ ስምንት ባር የሚቆይ ሐረግ በፊልተር እንቅስቃሴ ብቻ ሊያድግና ሊበርድ ይችላል።

ሁለት ትንንሽ ማስተካከያዎች ብዙ ችግር ያስወግዳሉ። ኖታው ሲነሣ የማይፈለግ ‘ጠቅ’ የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ የመነሻውን ጊዜ ከዜሮ ወደ አምስት ሚሊሰከንድ ገደማ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ሲንተሳይዘሩንም በአንድ ጊዜ አንድ ኖታ ብቻ እንዲያወጣ ማዘዝ ያስፈልጋል፤ ሁለት ወፋፍራም ኖታዎች ሲደራረቡ ሁለቱም አይለዩምና።

አራት፡ ኪክ እና ቤዝ ሲጋጩ

ኪኩም ቤዙም የሚኖሩት በአንድ ጠባብ ክልል ውስጥ ነው። በአንድ ቅጽበት ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፣ ወይም ሞገዶቻቸው ተቃርነው ይሟሟታሉ። ከላይ የተጠቀሰው ልምምድ ችግሩን በጊዜ ክፍፍል ያስቀራል። ቤዙ ከኪኩ ጋር መውደቅ ካለበት ግን ሁለት ሌሎች መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው የድምፅ ክልልን መከፋፈል ነው። የኪኩ ክብደት 50 ሄርዝ አካባቢ ከሆነ ቤዙ ከዚያ በላይ ጠንክሮ እንዲሰማ ማድረግ፤ ጥልቁ ሰብ ቤዝ ከተፈለገ ደግሞ አጭርና ከፍ ያለ ኪክ መምረጥ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጥልቅ መሆን አይችሉም፤ አቀናባሪው አንዱን መምረጥ አለበት።

ሁለተኛው ‘ሳይድቼን’ የሚባለው ዘዴ ነው። ኮምፕሬሰር የተባለው መሣሪያ ኪኩን እያዳመጠ፣ ኪኩ በመታ ቁጥር የቤዙን ድምፅ ለቅጽበት ዝቅ ያደርገዋል። በ120 ምት ፍጥነት በሁለት ኪኮች መካከል 500 ሚሊሰከንድ አለ። ቤዙ ከ100 እስከ 200 ሚሊሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቦታው ቢመለስ ኪኩ ጥርት ይላል፤ ቤዙም የሚተነፍስ ይመስላል።

ሌሎቹም መሣሪያዎች ቦታ መልቀቅ አለባቸው። የፒያኖ፣ የጊታርና የሰው ድምፅ ቅጂዎች ከታች የማይፈለግ ጉርምርምታ ይዘው ይመጣሉ። በኢኳላይዘር ከ100 ሄርዝ ገደማ በታች ያለውን መቁረጥ ለቤዙ አየር ይሰጠዋል። ዝቅተኛው ድምፅ በግራና በቀኝ ሳይበተን በሞኖ መሐል ላይ መቀመጥ ይኖርበታል። የጠቅላላው ሥራ ከፍተኛ ድምፅም ከዜሮ ዴሲቤል ስድስት ያህል ዝቅ ቢል፣ ሁሉንም የሚጫነው ቤዝ ሳይሰነጠቅ ይሰማል።

አምስት፡ ስልክ ላይ የማይሰማውን ማሰማት

ስልክ 50 ሄርዝ ማውጣት ካልቻለ፣ አብዛኛው አድማጭ ሙዚቃ የሚሰማው ደግሞ በስልክ ከሆነ፣ ቤዙ እንዴት ይድረሰው? መልሱ የሚገኘው በሰው አእምሮ አሠራር ውስጥ ነው።

50 ሄርዝ የሆነ የመሣሪያ ድምፅ ብቻውን አይመጣም፤ 100፣ 150፣ 200 እያሉ የሚደረደሩ ‘ሃርሞኒክ’ የተባሉ ተከታዮች አሉት። ማጉያው መሠረቱን ባያወጣውም ተከታዮቹ ከተሰሙ፣ አእምሮ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል። ንጹሕ ሳይን ተከታዮች ስለሌሉት ከስልክ ላይ ጨርሶ ይጠፋል። ጥቂት ‘ሳቹሬሽን’ ወይም ‘ዲስቶርሽን’ ሲጨመርበት ግን ተከታዮቹ ይወለዳሉ፤ ቤዙም በትንሿ ማጉያ ላይ ጥላው ይታያል።

በገና ይህን ያውቃል። አሥሩ አውታሮቹ በጣም ዝቅ ብለው የሚቃኙ ናቸው። በአውታሮቹ መነሻ ላይ የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁርጥራጮች አውታሩ ሲመታ ያንን የተለመደውን ነዛሪ ድምፅ ይፈጥራሉ። ያ ንዝረት በተከታይ ድምፆች የበለጸገ በመሆኑ ወፍራሙን ዜማ ጥርት አድርጎ ወደ ጆሮ ያደርሰዋል። የዛሬው አቀናባሪ በዲስቶርሽን የሚፈልገው ውጤት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ጆሮን ማሠልጠን፣ ጆሮን መጠበቅ

ክፍልም ማዳመጫም ሊዋሹ ስለሚችሉ ዋናው መከላከያ ማነጻጸር ነው። በሚገባ የምታውቁትን፣ በክበብም በስልክም ጥሩ የሚሰማ የዳንስ ሙዚቃ ምረጡና ከራሳችሁ ሥራ ጎን አድርጋችሁ፣ በእኩል የድምፅ መጠን እያፈራረቃችሁ አዳምጡ። በእናንተ ሥራ ላይ ቤዙ ከዚያ በጣም ከገዘፈ ወይም ከቀለለ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል።

ከዚያም በስልክ፣ በላፕቶፕ፣ በመኪና እና ከተቻለ በትልቅ ማጉያ ይሞከር። ድምፁን እጅግ ቀንሶ ማዳመጥም ጠቃሚ ነው፤ በዝቅተኛ ድምፅ ኪኩና ቤዙ ተለይተው ከተሰሙ ሚዛኑ ጥሩ ነው ማለት ነው። ከክፍሉ ወጥቶ በበር በኩል ማዳመጥም ቤዙ ከምቱ ጋር እንዴት እንደሚሄድ ይገልጣል።

ቤዝ የጠፋበት ጀማሪ ዘወትር የሚፈተነው ድምፁን ከፍ በማድረግ ነው። ይህ ዋጋ ያስከፍላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ቢሊዮን በላይ ወጣቶች ጥንቃቄ በጎደለው አደማመጥ ምክንያት የመስማት ችሎታቸውን ለማጣት የተጋለጡ መሆናቸውን ይገልጻል። እንደ ድርጅቱ ምክር፣ 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊደመጥ ይችላል፤ 90 ዴሲቤል ሲደርስ ግን አስተማማኙ ጊዜ ወደ አራት ሰዓት ይወርዳል። የአቀናባሪ ዋና መሣሪያው ጆሮው ነው፤ ከተጎዳም በሌላ አይተካም። በየሰዓቱ ጥቂት ማረፍ ጆሮንም ይጠብቃል፣ ፍርድንም ያድሳል።

ለጀማሪ የሚጠቅመው በአንድ ሌሊት ፍጹም ሥራ መፈለግ ሳይሆን፣ በየቀኑ አንድ ባለ አራት ባር የቤዝ መስመር ሠርቶ ማስቀመጥ ነው። አንድ ቀን በአንድ ኖታ ብቻ፣ በማግስቱ በችክችካ፣ በሌላው ቀን በአምባሰል። ከሳምንት በኋላ ሰባቱን በተከታታይ ማዳመጥ የትኛው ሰውነትን እንደሚያንቀሳቅስ ይነግራል። የሚያስጨፍረው ብዙ ጊዜ ጥቂት ኖታ ያለው ሆኖ ይገኛል።

ያ ሌሊቱን በሥራ ያደረ ወጣትም ሥራውን መጣል አይኖርበትም። ፋይሉን ከፍቶ ከቤዙ ኖታዎች ግማሹን ያጥፋ፤ የቀሩትን ከኪኩ ያርቃቸው፤ በሳይኑ ላይ ጥቂት ሳቹሬሽን ይጨምርበት። ከዚያም በስልክም በአዳራሽም እንደገና ያሰማው።